ለቡሄ የተቀመጠ የምሥራች

ሰኔ 12

ኮምፒውተሩ ዛሬ ተነሣ። ሦስት ሬሳ ፈትቼ አንድ ነፍስ ያለው አወጣሁ። አንዱ አብደራፊ ካለ የእርሻ ድርጅት የተጣለ ነው፣ አንዱ የሱዳን ጦርነት ሳይጀመር በጋላባት በኩል የገባ፣ ሦስተኛው የራሴ። መክደኛ ስለሌለው የሆድ ዕቃው በሙሉ ይታያል። ጎረቤቴ ውባንች ከቁርስ ቤቷ ብቅ ብላ አየችውና «ይኼን በሬ ማን አረደው?» አለች። «ቅርጫ ነው፤ ግቢና መደብሽን ውሰጂ» አልኳት።

ሥራውን የሰጠችኝ የእህቴ ልጅ የዓለምወርቅ ናት፤ «የዓለም» ነው የምላት። እህቴ ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። እዚሁ መተማ፣ እዚሁ የጥገና ሱቅ ውስጥ፣ የብየዳ ጭስ እየሸተታት አደገች። አሁን ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። እዚያ ያለው ትልቁ ማሽን ወረፋው አያልቅም፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። እስከ ጳጉሜ የመመረቂያ ጽሑፏን ካላስረከበች ለሚመጣው ዓመት ትተላለፋለች፣ አዲስ አበባ ያገኘችው የላቦራቶሪ ሥራም አይጠብቃትም። ስለዚህ ለፋሲካ መጥታ ሁሉንም ነገር በፍላሽ ሰጠችኝ፣ እንዴት እንደሚነሣ አስተማረችኝና ሄደች።

እኔ ከሬዲዮ ጀምሬ በመፍታት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የገባኝን ያህል ይኸው። ትራማዶል የሚባል የሕመም ክኒን አለ፤ የቀን ሠራተኞች አረም ላይ ጀርባቸው እንዳይሰማቸው የሚውጡት። የዓለም ይህን መድኃኒት ከሰው ሽንት ውስጥ የሚለይ ስስ ንጣፍ ፍለጋ ላይ ናት። ንጣፉ ካርቦን ነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር አንድ ንብር ብቻ ሲቀር እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ይዘረጋል። መድኃኒቱ ሲያርፍበት የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ በዚያ ይታወቃል። ይህን በእጅ ከመሥራት በፊት በስሌት ማየት ይቻላል፣ መድኃኒቱ ንጣፉ ላይ ምን ያህል እንደሚጣበቅ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው እሱን ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል።

ኢንተርኔት ስለሌለ የተገኘውን ቁጥር በስልክ አነብላታለሁ። «በጽሑፍ ቢልኩልኝ ይቀላል» አለች። በጽሑፍ ቁጥር ይሳሳታል አልኳት።

ሰኔ 16

ሥራ በዛ። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ሠልፍ። ኮምፒውተሩ ይሠራል። መድኃኒቱን «ሰካራሙ» ብዬዋለሁ፤ አልጋ እንደጠበበው ሰው ንጣፉ ላይ ሲገላበጥ ይውላል። እስኪመቸው ነው የሚጠበቀው።

ሰኔ 24

ሰካራሙ ተኛ!

ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልላት፣

«አጎቴ፣ ሙቀቱ ስንት ደረሰ?»

«የኔ ነው የማሽኑ?»

«የማሽኑ ነዋ።»

«ሰባ አምስት።»

«ማራገቢያ ይጨምሩበት እንጂ! ቁጥሩስ?»

ነጌቲቭ ዜሮ ነጥብ አራት አንድ፣ አልኳት። ጻፈች፤ እስክሪብቶዋ ይሰማል። «ደካማ ነው» አለች። «ንጹሕ ካርቦን እንደዚህ እንደሚሆን ጠርጥሬ ነበር። ዓይን ሳይከደን ነክቶት ይሄዳል።»

«እንደ ባጃጅ ሹፌር ፍቅር በይኛ።»

«አጎቴ!»

ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ሳቋን አልሰማሁትም ነበር። ከንጣፉ መሐል አንዱን ካርቦን አውጥቶ በቦታው አሉሚኒየም የተተካበትን እንዳስነሣ ነገረችኝ። አሉሚኒየም ረኃብተኛ ነው፣ ያገኘውን ይይዛል አለች። ፋይሉን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አስነገርኳት።

ሐምሌ 3

መብራት ሄደ። ባትሪው አልያዘም። የሰነበተ ስሌት ገደል ገባ።

ልደውልላት? ነገ።

ሐምሌ 4

«ምንም አይደል» አለች። ድምፅዋ ግን ምንም አይደል አላለም። ለካ የሠራውን በየመሐሉ እንዲያስቀምጥ የሚታዘዝበት ቦታ ነበር፤ ፋሲካ ጊዜ አሳይታኝ ረስቼዋለሁ። አሁን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሰፍዋን አየውና «በዓረብኛም ጻፈው፣ እኔም እንድቆጣህ» አለ።

ሰፍዋን ገዳሪፍ ላይ መድኃኒት ቤት የነበረው ሰው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ አንድ ቀን ስልኩን ሊያስጠግን ሱቄ ገባ። ስልኩ ዳነ፤ እሱ ግን የኋላው ክፍል ውስጥ ቀረ። ማታ ማታ ዶሚኖ እንጫወታለን። ሲሸነፍ «ማሌሽ፣ ያ ዞል» ይላል፣ ይቅርታ አንተ ሰው ማለቱ ነው፤ «አማርኛ ስለማላውቅ ነው» ይላል። ዶሚኖ አማርኛ የሚናገር ይመስል።

ሐምሌ 14

ዝናብ። የዋልካው ጭቃ እግር አያስነሣም። ከሸሕዲ የሚመጡት ሚኒባሶች ቆመዋል፤ ደንበኛም የለም።

ጠዋት በረንዳ ላይ ዝናብ የተጠለሉ ሁለት የቀን ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሰውዬው ከኮምፒውተር ጋር ያወራል እኮ።» ሌላው፣ ባህሩ የሚሉት የጎጃም ልጅ፣ «ብቻውን ስለሆነ ነው እባክህ» አለ።

ብቻውን ያለው ማንን ነው? ሰፍዋን የለም እንዴ? ውባንች የለችም እንዴ? ከኮምፒውተር ጋርስ የማወራው ስለሚሰማ ነው። ከሰው የሚሻለው በዚያ ነው።

ሐምሌ 27

ሰፍዋንን ወንድሙ አዲስ አበባ ጠርቶታል። ይሠራበት የነበረው ዓይነት መድኃኒት ቤት ውስጥ ቦታ ተገኝቷል አለኝ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ። «ሂድ» አልኩት፤ «ዶሚኖ የሚችል ሰው ላስገባበት ነው ክፍሉን።» ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ሆን ብሎ ተሸነፈልኝ። ያወቅሁበት አልመሰለውም።

የዓለም ደወለች። አሉሚኒየሙ ገና ነው። ሙቀቱ ሰባ ስምንት። ጆንያ አርጥቤ መስኮቱ ላይ ሰቅያለሁ፤ ይኼን ስነግራት «አጎቴ፣ እርስዎ እኮ ኢንጂነር ነዎት» አለች። ቀኑን ሙሉ ኢንጂነር ሆኜ ዋልኩ። ውባንችንም ሻዩን «ለኢንጂነሩ» ብላ እንድታመጣ አዘዝኳት። ሻዩ ስኳር አልነበረውም።

ነሐሴ 5

ሰፍዋን ሄደ። በጠዋቱ ሚኒባስ። መናኸሪያው ጭቃ ስለሆነ ሻንጣውን በትከሻዬ ይዤ ሸኘሁት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ያ ዞል፣ ተመለስ፣ ትረጥባለህ» ይለኛል። የረጠበው እሱ።

ማታ የኋላውን ክፍል በር ቀስ አድርጌ ዘጋሁ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ። ከዘጋሁ በኋላ ሳቅኩ።

ነሐሴ 6

ስነቃ አልቋል። ነጌቲቭ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሁለት!

ከበፊቱ በአራት እጥፍ ይበልጣል። ሰካራሙን ክንዱን ጠምዝዞ ነው የያዘው። እንዲህ ያለ ቁጥር ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ስልኩን አነሣሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት።

እንዲህ ያለ የምሥራች በአዘቦት ቀን ይባክናል። ሰባት ቀን ቢቀር ነው ቡሄ። ልጅ ሳለች ቡሄ ሲደርስ ጅራፏን የምገምድላት እኔ ነበርኩ። የዚያን ዕለት አበስራታለሁ። ደግሞም ቁጥሩን መፈተሽ አለብኝ፤ መብራት በተቆራረጠበት ወር የወጣ ቁጥር ዝም ብሎ አይታመንም።

ፈተሽኩት። ያው ነው።

ነሐሴ 9

ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወለች። ጠዋት «አላለቀም?» አለች። «ይገላበጣል» አልኳት። ቀትር ላይ መብራት አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አለ። ማታ ደግሞ ሙቀቱን ጠየቀች፤ ከዚያ ስለ ቤት ኪራይዋ፣ ስለ ጎንደር ብርድ፣ አብራት ስለምትኖረው ልጅ ኩርፊያ ነገረችኝ። ብዙ አወራን።

የደወለችው ስለ ማሽኑ ነው። ቢሆንም።

ነሐሴ 11

ለውባንች ነገርኳት። ነገሩ ደስ ስላለኝ ነው የነገርኳት። ሽሮዋን እያማሰለች አየችኝ።

«አልቆ ተቀምጧል ነው የምትለኝ?»

«ለቡሄ።»

«ሠርግ ነው እንዴ ቀን የምትቆርጥለት? ልጂቱ እንቅልፍ አጥታ የለም?»

«የምሥራች ነው፣ አንቺ ሴትዮ። የምሥራች ሲቆይ ይጣፍጣል።»

«ሽሮም ሲቆይ ያራል» አለችና ፊቷን አዞረች። ሽሮዋ ባይቆይም ያራል፤ ይኼን አልነገርኳትም።

የዓለም ዛሬ ድምፅዋ ሰለለ። መምህሯ ተቆጥተዋታል። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ቀን ነው የቀረው።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

እንደሆነው ልጽፈው።

ልጆች በየበሩ ጅራፍ ያጮሃሉ። ሸሚዝ ቀየርኩ፤ ለስልክ! ደወልኩና ከአንጀቴ «የምሥራች!» አልኳት።

«ምሥር ይብሉ! ምሥር ይብሉ አጎቴ! አለቀ? ስንት ሆነ?»

«ነጌቲቭ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሁለት!»

እስክሪብቶዋ ሲጽፍ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ።

«ትሰሚያለሽ? ጨበጠው እኮ! እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው አንገቱን የያዘው!»

«አጎቴ… አይለቅም።»

«አይለቅማ!»

«መልቀቅ አለበት» አለች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «አንድ ሰው ተመርምሮ መድኃኒቱ ካልለቀቀ ንጣፉ ለሁለተኛው ሰው አይሆንም። በዚህ ቁጥር ዓለም እስክታልፍ ቢጠበቅ አይላቀቅም። ሳይይዝ ቢቀር አይጠቅምም፤ ይዞ ቢቀርም አይጠቅምም።»

ጅራፉ ይጮሃል።

«መቼ ነው ያለቀው?»

ትናንት ማለት ይቻል ነበር። «ሰፍዋን የሄደ ማግሥት» አልኩ።

«ለምን?»

«በበዓል ቀን ላበስርሽ ብዬ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«ያ ሳምንት የኔ ነበር፣ አጎቴ።»

ከዚያ ቦሮን የተተካበትን አስነሡ አለችኝ። ቦሮን መካከለኛ ነው። ሳይቋረጥ ከሠራ ለጳጉሜ ይደርሳል፤ በየመሐሉ ቢያስቀምጥም ቆሞ ከዋለ አይደርስም። የፋይሉን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 14

ዕድሜዬን ሙሉ የላላ ሳጠብቅ ነው የኖርኩት። ብሎን፣ ሽቦ፣ የራዲያተር ቱቦ። ሰው «ላላብኝ» ብሎ እንጂ «ጠበቀብኝ» ብሎ ሱቄ መጥቶ አያውቅም። አጥብቆ የያዘ ነገር ጥፋት ይሆናል ብዬ ከየት ላምጣው? ይኼን ልነግራት አሰብኩ። ግን ይኼ ለቁጥሩ መልስ ነው። ለሳምንቱ መልስ አይሆንም።

ላበስራት ብዬ ነው። እውነት ነው። ሸሚዝ ሁሉ ቀይሬያለሁ።

ሦስት ጊዜ የደወለችበት ቀን ግን አሁን ሳነበው ደስ አይልም።

ነሐሴ 18

ደመና። ሶላሩ አይሞላም። የመንግሥት መብራት ይመጣል ይሄዳል። ባትሪው በሙሉ ለማሽኑ ሆነ፤ የስልክ ቻርጅ አቆምኩ። በረንዳው ላይ ማጉረምረም በዛ። ባህሩ በር ላይ ቆመና፣

«ጋሽ እንግዳው፣ ለእኛ የታጣ መብራት ለካርቦን ተገኘ?»

«አንተ ስልክህ ቢዘጋ ዕረፍት ታገኛለህ። ይኼ ቢዘጋ ልጄ ታለቅሳለች።»

«ልጅ አለዎት እንዴ? አላወቅሁም እኮ። በሉ እሺ» ብሎ ሄደ። አብረውት የነበሩትንም ይዟቸው ሄደ።

በጨለማ ነው የምጽፈው፤ የኮምፒውተሩ መብራት ለደብተር ይበቃል።

ነሐሴ 21

አልደወለችም። ትክክል ናት፤ ምን ብላ ትደውል?

ነሐሴ 22

ብርድ ብርድ አለኝ። መተማ ላይ ብርድ! ለውባንች ብነግራት ሙዚየም ታስገባኛለች። ወባ አይደለም። ጆንያውን ሳረጥብ ረጥቤ ነው።

ነሐሴ 23

ወባ ነው።

ነሐሴ 25

ውባንች በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። «ማሽኑስ?» እላታለሁ፤ «ዝም በል!» ትለኛለች። እኔን አድርሳ ተመልሳ ኖሯል፤ ስመለስ ቁርስ ቤቷን ዘግታ እዚያው ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር፤ እንዳሳየኋት ወደ ባትሪው አዙራዋለች።

«ሲያንኮራፋ ዋለ» አለች። «ከሟቹ ባሌ ይሻላል። ቢያንስ ሲነኩት ይነቃል።»

አመሰግናለሁ ልላት ስል «ሽሮሽ ዛሬ አልሸተተኝም፤ ታምሜ ይሆን?» አልኳት። በጨርቅ መታችኝ።

የዓለም ማታ ደወለች። «ድምፅዎ ምን ሆነ?» ቆሎ ነው፣ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ ነው አልኳት። ሙቀቱን ጠየቀች። የማሽኑን ነገርኳት።

ነሐሴ 28

ተኛ። ተኛ። ነጌቲቭ ዜሮ ነጥብ ሰባት ዘጠኝ።

ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ደግሜ፣ የለም። በዝናቡ ወደ ኬላው መንገድ ወጣሁ፤ እዚያ ይሻላል። ዋልካው ጫማዬን ወሰደው፤ ትቼው ሄድኩ። ከቆሙት የጭነት መኪኖች ጥግ ሆኜ ስሞክር ጠራ።

የምሥራች አላልኩም። ቁጥሩን ብቻ አነበብኩ። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩ። የኤሌክትሪኩን ለውጥ የሚያሳየውንም ቁጥር አነበብኩላት። ስታሰላ ትንፋሿ ይሰማል።

«ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይይዘዋል» አለች። «ከዚያ ይለቀዋል። አጎቴ፣ ይለቀዋል!»

«ጥሩ ነው?»

«በጣም! ልሂድ፣ ልጻፈው፣ መምህሬ ሳይወጡ…»

«ሂጂ።»

ፈጥኜ ነው ያልኩት። ብዘገይ ሌላ ነገር እጨምር ነበር። ባዶ እግሬን ተመለስኩ። አንድ ፖሊስ አየኝና «አባት፣ ተዘረፉ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ በጭቃ» አልኩት።

ጳጉሜ 2

በጽሑፍ ላከችልኝ፦ «አስገባሁ። ተመስገን።»

ነገሩ ይኸው ነው።

መስከረም 15

ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት አቅርባ አለፈች። ከጓደኞቿ መሐል ሆና ደወለች፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ስሜን በምስጋናው ገጽ ላይ እንዳስገባችው ነገረችኝ።

«ከማን ቀጥሎ?» አልኳት።

«ከመምህሬ ቀጥሎ።»

«ከመምህርሽ በፊትስ ማን አለ?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱ ይሁን። መብራት ሲሄድ ግን አላየሁትም።»

ሳቀችልኝ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ሥራው ጠብቋታል። «ማሽኑን አሁን ያጥፉት፣ ይረፍ» አለች። ከዚያ ጎትተው ወሰዷት።

አጠፋሁት። ማራገቢያው ሲቆም ዝናብ ያባራ መሰለኝና በር ከፍቼ አየሁ። ውጭ ለካ ፀሐይ ነው።

መስከረም 23

ሰሊጡ ሊደርስ ነው። ከደጋ የሚወርደው ሰው በየመኪናው ተጭኖ ይገባል፤ ከተማው ሞልቷል። ሱቁም ሞልቶ ዋለ፤ ሁሉንም ስሰድብ፣ ሁሉም ሲስቅ። ከሄዱ በኋላ ስልኩን አነሣሁ። ምንም የማነብላት ነገር አልነበረኝም። ደወልኩ።

«አጎቴ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ማሽኑ ተነካ እንዴ?»

«ጠፍቷል፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

ቀልድ ፈለግኩ። አንድ እንኳ አልመጣልኝም። «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አልኳት።

ከኋላዋ አንድ ሰው በስሟ ጠራት፤ «መጣሁ» አለችው፣ ግን አልሄደችም።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ። እሑድ እደውልልዎታለሁ። ረዘም አድርገን እናወራለን።»

«ስለ ምን?»

«እንጃ አጎቴ። የመጣልንን።»

እሑድ ነው ያለችው። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።